ነጭ የጭነት አባዱላዬን ሰው የሚያስመስላት ነገር ንገሩኝ

ሽሮ ጫኙ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። አንዲት ነጭ አባዱላ አለችኝ። የጭነት ናት። ከሾፌሩ በር ኋላ መስኮት የሚባል የላትም፣ ወጥ ላሜራ ነው። ከእህቴ ጋር የምናዘጋጀውን ባልትና፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ምጥኑን፣ እርዱን ለሱፐርማርኬትና ለሆቴል አደርስባታለሁ። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ችግሬ መልኳ ነው። ከሩቅ ስትታይ ፍሪጅ ተገፍቶ የሚመጣ ይመስላል። ሆቴል በር ላይ ዘበኛው ሁሌ «አንተ የምን ዕቃ ነህ?» ይለኛል። ስሜም ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ዝርዝሩ ይኸውላችሁ። ፓራውልቶቹ ጥቁር ፕላስቲክ ነበሩ፣ አሁን አመድማ ሆነዋል። ቸርኬዎቹ ተራ የብረት ቸርኬዎች ናቸው፣ ዳር ዳራቸው ዝጓል። የፊት መብራቶቹ ቢጫ ሆነዋል። ቀለሟ ከሩቅ ደህና ነው። በእጅ ሲዳስሱት ግን ነጭ ዱቄት ይለቃል። ትናንሽ ብርቱካናማ ነጠብጣቦችም አሉት።

ሙሉ ስቲከር ላልብሳት? ቀለም ላስቀይራት? ወይስ ቸርኬ ልግዛላት? ሌላ መኪና መግዛት የሚለውን ሐሳብ ትቼዋለሁ። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ገበያው የሚቀመስ አልሆነም።

የቀለም ቤት ልጅ

ወንድሜ፣ ስቲከሩን ለጊዜው ተወው። ዱቄት የሚለቅ ቀለም ላይ ስቲከር ስትለጥፍ የሚጣበቀው ከዱቄቱ ጋር እንጂ ከመኪናው ጋር አይደለም። ጥቂት ወር ቆይቶ ከጠርዙ መነሳት ይጀምራል። ስታነሳው ደግሞ ደካማውን ቀለም ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክር። ጥቁር ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርግና አንዲት ጥግ እሽ። ጨርቁ ላይ ነጭ ከወጣ ቀለሟ ከላዩ ክሊር፣ ያ ቀለም አልባው መከላከያ ሽፋን፣ የለውም ማለት ነው። ይሄ ለአንተ መልካም ዜና ነው። የሞተው የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው፣ ከሥሩ ጤነኛ ነጭ አለ። በማሽን ፖሊሽ ከተደረገች የማታውቃት መኪና ትሆናለች። ክሊር ካላትና ክሊሩ መላጥ ከጀመረ ግን ፖሊሽ አያድናትም፣ ያ ክፍል መቀባት አለበት።

ደግሞ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያልከው… ማታ የምታቆማት የት ነው? አጠገቧ ብየዳ ቤት አለ?

ሽሮ ጫኙ

እንዴት አወቅህ? ከግቢያችን አጥር ጀርባ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆች አሉ። ቀኑን ሙሉ ግራይንደር ነው።

የቀለም ቤት ልጅ

አለቀ። ያ የብረት ብናኝ ነው። በጋለበት በርሮ ቀለሙ ላይ ይተከልና እዚያው ይዝጋል። ከራስህ ፍሬን የሚወጣውም ያው ነው። ሌላ ቀለም ላይ ብዙ አይታይም፣ ነጭ ላይ ግን ያጋልጣል። በሳሙና አይለቅም። በጥፍርህም እንዳትፍቀው፣ ቀለሙን ትቧጥጠዋለህ።

ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ፈሳሽ አለ። ስትነፋው ብረቱን ሲያገኝ ወይን ጠጅ ቀለም ያለቅሳል። ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ታጥበዋለህ። ፀሐይ ላይ፣ ላሜራው በጋለበት ሰዓት አይሠራም። የቀረውን በመኪና ሸክላ፣ ማለትም ብናኝ በሚለቅመው ሊጥ መሳይ ነገር፣ በሳሙና ውሃ እያንሸራተትክ ታነሳለህ። ሸክላው መሬት ከወደቀ ጣለው፣ አሸዋ ይዞ መኪናህን ይቧጥራታል። ከዚያ በኋላ ነው ፖሊሽ።

ፖሊሽ የሚያደርግልህ ልጅ የላሜራው እጥፋትና ጠርዝ ላይ ማሽኑን እንዳያቆም ተቆጣጠረው። እዚያ ቀለሙ ስስ ነው፣ አንድ አፍታ በቂው ነው፣ ግራጫው ፕራይመር ብቅ ይላል። ሲጨርስ ሰም ወይም ሲላንት ይቀባ። ክረምት ሳይገባ ይሁን። የሰኔ ጭቃ ራቁቱን ቀለም ካገኘው ይሰካበታል።

ዳዶ

እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ስለ ቸርኬ ልናገር።

አባዱላ ስድስት ቡሎን ነው፣ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር። ሂሉክስም ፕራዶም ያው ስለሆነ ሰዎች ከነሱ የወጣ የአልሙኒየም ቸርኬ ያሰሩበታል። ቡሎኑ ስለገባ ብቻ ሁሉም ነገር ተስማማ ማለት አይደለም። ኦፍሴቱ፣ ማለትም ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገባበት ልክ፣ ካልተስማማ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል ወይም ወደ ውስጥ ገብቶ ይፋቃል። ከሁሉ በላይ የጭነት አቅሙን እይ። ቸርኬው ጀርባ ላይ ይጻፋል። አንተ በርበሬ በኩንታል የምትጭን ሰው ነህ፣ ለቤት መኪና የተሠራ ውበት ለአንተ አይሆንም።

ጎማም እንደዚያው። ፋብሪካው የሚያስርላት 195 አር 15 ሲ ነው። «ሲ» ማለት የጭነት ጎማ ነው። ጎኑ ላይ 107/105 የሚል የጭነት አቅም ቁጥር ካየህ፣ ለብቻው ሲታሰር አንዱ ጎማ እስከ 975 ኪሎ ይችላል። ሰፊና ዝቅ ያለ ጎማ ያምራል ብሎ የቤት መኪና ጎማ ያሰረ ደንበኛ ነበረኝ። ሙሉ ጭኖ አዳማ መንገድ ላይ አንዱ ፈነዳበት። እግዜር አውጥቶታል።

የእኔ ምክር፦ ያሉህን የብረት ቸርኬዎች አስቀባ። በጣም ያምራሉ፣ ሰው ይንቃቸዋል እንጂ። ጎማው ይውለቅ፣ ዝገቱ እስከ ነጩ ብረት ይፋቅ፣ ፀረ ዝገት ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም። ብር መልክ ብታደርገው ንጹሕ ነው። ጥቁር ግራጫ ብታደርገው ደግሞ የፍሬን ብናኝ አያሳይም። ዳዶው የሚያርፍበትን ሾጣጣ ቦታና ከሐብ ጋር የሚነካካውን ፊት ግን በቴፕ ሸፍኑት። እዚያ ቀለም ከገባ ቀለሙ ሲደቅ ዳዶው ይላላል። ታስሮ ትንሽ ከተነዳ በኋላም እንደገና ይጠበቅ። ይሄን የማይነግርህ ቀቢ ቸርኬ አያውቅም።

ጋሽ ፓራውልት

ልጆች፣ ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ የማየው ግን ፕላስቲኩን ነው። ነጭ መኪና የሚያረጀው በጥቁሩ ነው። ፓራውልቱ፣ የስፖኪዮው ጀርባ፣ የበሩ እጀታ፣ ፍርግርጉ፣ እነዚህ አመድማ ከሆኑ ነጩን የፈለገ ብታጥበው ያረጀ ይመስላል። ጥቁሩ በደንብ ከጠቆረ ነጩ ራሱ ይነጣል። ሽሮ ጫኙ ልጄ፣ ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ እዚህ ላይ አውለው።

አንዳንድ ላቫጆ ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ ይወለውልልሃል። ለአንድ ቀን ያበራል፣ በማግሥቱ የአዲስ አበባ አቧራ በሙሉ እሱ ላይ ነው። ጎሚኒውንም ያሳብጠዋል። በሙቅ አየር መተኮስ የሚሉም አሉ። በውስጡ የቀረውን ዘይት ስለሚያወጣው ይጠቁራል፣ ፀሐይ ሲመታው ግን ይመለሳል። ደጋግመህ ከተኮስከው ፕላስቲኩ ይሰባበራል። የሚቆየው ለፕላስቲክ የተሠራው ማጥቆሪያ ነው፣ የሚደርቀውና በውሃ የማይታጠበው ዓይነት። ቅባቱን መጀመሪያ በአልኮል አጽዳ።

ቦሌ ሚካኤል

ጋሼ፣ ለምን ፓራውልቱን ነጭ አያስቀባውም? ነጭ ፓራውልት ያላት አባዱላና ጥቁር ያላት አባዱላ ጎን ለጎን አቁሙና እዩ። አንዷ የቤተሰብ ናት፣ አንዷ የሲሚንቶ።

ጋሽ ፓራውልት

ልክ ነህ፣ ያምራል። ግን ይሄ ሰው ቀኑን ሙሉ ሱፐርማርኬት ጓሮ የሚያራግፍ ነው። ከኋላ ፓራውልቱ ላይ ካርቶን ይጎትታል፣ ሠራተኛው ይቆምበታል። የተቀባ ፕላስቲክ እዚያ ሥራ ላይ ዓመት አይሞላም። ያልተቀባ ሻካራ ፕላስቲክ ቢጫር ማን ያየዋል? ለማስቀባት ከቆረጠ የፊቱን ብቻ ያስቀባ፣ የኋላውን ጥቁሩን ይተወው። ቀቢው ለፕላስቲክ የሚሆነውን ማጣበቂያ ፕራይመር መጠቀሙንም ያረጋግጥ። በቀጥታ ላዩ ላይ ከነፋበት ላቫጆ ላይ ያ ኃይለኛ ውሃ ሲያገኘው እንደ ቅጠል ይረግፋል።

ቦሌ ሚካኤል

የፊቱ ብቻ… ተስማምቻለሁ ጋሼ።

የቀለም ቤት ልጅ

እዚህ ላይ ልጨምር። «ነጭ ነጭ ነው» ብላችሁ በዓይን የተቀመመ ነጭ እንዳትቀቡ። ቁጥሩ መኪናዋ ላይ አለ። ታርጋዋን ሳይሆን ፋብሪካው የለጠፈባትን የመለያ ሰሌዳ እይ፣ «ሲ/ቲአር» (C/TR) የሚል መስመር ፈልግ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የቀለሙ ቁጥር ናቸው። ብዙ የጭነት አባዱላ 058 ነው፣ ተራ ነጭ። 070 ከሆነ ፐርል ነው፣ እሱ በንብርብር ስለሚሠራ ዋጋውም ሌላ፣ ማመሳሰሉም ሌላ ራስ ምታት ነው። በቁጥሩ ከተቀመመ በኋላም መጀመሪያ ካርቶን ላይ ተነፍቶ፣ ውጭ በፀሐይ ብርሃን ከላሜራው ጋር ይታይ። ያረጀ ነጭ ወደ ቢጫ ይሸሻል።

ኮፈኑን ወይም ፊያንካታውን የነካ ዝገት ካለ ደግሞ ባትላሜራ ሳያየው ስቱኮ እንዳይደፋበት። ዝገት ላይ የተለሰነ ስቱኮ እስከ ሚቀጥለው ክረምት ነው ዕድሜው። የጣሪያውን ቦይና የፊት መስታወቱን ታች በጣትህ እየነካህ እይ።

ሽሮ ጫኙ

058 ናት! ሰሌዳውን አገኘሁት። ጥቁር ጨርቁንም ሞከርኩ፣ ነጭ ወጣ። ስለዚህ ፖሊሽ ይሠራል ማለት ነው።

ግን ንጹሕ ነጭ ብትሆንም ያው ነጭ ናት። የኛን ስም መያዝ አለባት። እህቴ ሁለቱንም ጎን በርበሬ የተሰጣበት ትልቅ ፎቶ ይለጠፍበት ትላለች። እኔ ደግሞ ከታች በኩል ሰማያዊ መስመር ዳር እስከ ዳር ብትኖራት ደስ ይለኛል።

ዳዶ

ሰማያዊ??? ወንድሜ፣ ነጭና ሰማያዊ አባዱላ ሜክሲኮ አደባባይ ብታቆም በሩን ከፍተው ይገቡልሃል። «ሳሪስ ነህ?» ብለው።

ቦሌ ሚካኤል

ተሳፋሪው ይቅር፣ ተራ አስከባሪው ሂሳብ ይጠይቀዋል 😂

ፊደል ቀራጭ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ግራፊክስ ነው፣ የመኪና ስቲከር ብዙ ሠርቻለሁ። ለእህትህ ሰላምታዬን አድርስልኝና ፎቶውን እንድትተወው ለምናት። ሦስት ምክንያት አለኝ።

መንገድ ላይ ሰው መኪናህን የሚያየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ የበርበሬ ፎቶ ቀይ ነገር ብቻ ሆኖ ነው የሚያልፈው፣ ከሩቅ የጡብ ክምር ይሁን ምን ይሁን አይለይም። ሁለተኛ፣ የታተመ ፎቶ በላዩ ላሚኔሽን፣ ማለትም መከላከያ ፕላስቲክ፣ ከሌለው እኛ አገር ፀሐይ አይምርለትም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ቀዩና ቢጫው ነው። የምትሸጡት በርበሬ ሮዝ ሆኖ ከተማውን ሲዞር አስቡት። ሦስተኛው የአባዱላዋ በር ነው። ተንሸራታች ነው አይደል? በሩ ሲከፈት በኋለኛው ላሜራ ላይ ይደረባል። በሩ ላይ ግማሽ ቃል፣ ላሜራው ላይ ግማሽ ቃል ከጻፍክ ስታራግፍ ሌላ ቃል ይነበባል። አንድ ደንበኛዬ «ንጹሕ ዳቦ» የሚል ነበረው። በሩ ሲከፈት «ንጹሕ» ተሸፍና «ዳቦ» ብቻዋን ትቀር ነበር። ይሄኛው እንኳን ዕድለኛ ነው፣ የባሰ አይቻለሁ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ነጩን እንደ ወረቀት ቁጠሪው በላት ለእህትህ። ነጩ ባዶ መሆኑ ጥቅም ነው። ወፍራም የጡብ ቀይ መስመር ከታች፣ ላሜራው ራሱ ያለውን እጥፋት ተከትሎ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ። ይሄ መኪናዋን ረዘም፣ ዝቅ ያደርጋታል፣ ያን የሳጥን መልኳን ይሰብረዋል። ቀለሙ ከውስጥ የሆነ ወጥ ስቲከር ይሁን እንጂ የታተመ አይሁን፣ እሱ ይቆያል። ከመስመሩ በላይ የባልትናው ስም፣ ከሥሩ ስልክ። በቃ። «ጥራት መለያችን ነው» አያስፈልግም፣ የሁሉም መኪና ላይ አለ።

ስለ ፊደሉ፦ ቀጭን ፊደል አትምረጡ። የአማርኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለችው ሰረዝ ናት። ቀጭን ከሆነች በሃያ ሜትር ትጠፋለች። ለመጠኑ የምንጠቀምበት ልማድ አለ፦ በየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር የፊደል ቁመት። ከ15 ሜትር በምቾት እንዲነበብ ካስፈለገ ከ12 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ለኛ ፊደል ትንሽ ጨምሩበት። ስልኩ ከኋላ በሩ ላይ ትልቅ ይሁን። መብራት ላይ ከኋላህ የቆመው ሾፌር ነው ለማንበብ ጊዜ ያለው።

ሽሮ ጫኙ

እህቴን አነበብኩላት። «ሮዝ በርበሬ» ስትሰማ ተስማማች 😄 ሌላ ጥያቄ፦ ስቲከሩን ስገዛ ምን ልበል? አንዱ ቤት የነገረኝ ዋጋ ከሌላው እጥፍ ነው።

ፊደል ቀራጭ

ሁለት ዓይነት አለ። ካስት የሚባለውና ካሌንደርድ የሚባለው። ካስት ስስ ነው፣ እጥፋት ላይ ይታዘዛል፣ አይሰበሰብም፣ ለዓመታት ይቆያል፣ ይወደዳል። ካሌንደርድ ወፈር ያለ ነው፣ ጊዜ ሲቆይ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ዙሪያውን አቧራ የያዘ የሙጫ መስመር ይተዋል። ለወጥ ጠፍጣፋ ላሜራ፣ ለፊደሎቹ ካሌንደርድ ይበቃሃል። እጥፋት ለሚያልፈው መስመር ግን ካስት ግዛ። ሙሉ መኪና ስለማታለብስ ብዙ አይወስድም። ዋጋ እዚህ አልጽፍልህም፣ እስክታነበው ይቀየራል።

ከመለጠፉ በፊት ላሜራው በአልኮል ይጸዳ። ከፖሊሹ በኋላ ሰም ተቀብቶ ከሆነ ስቲከር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰሙ መነሳት አለበት። እንዲያውም ስቲከሩ መጀመሪያ ተለጥፎ ሰሙ በኋላ ቢቀባ ይሻላል። በጠዋት ብርድ ደጅ ላይ አያስለጥፍህ፣ ስቲከሩ ይደርቃል አይታዘዝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነው። እኔም እዚህ ነጭ ፎርድ ትራንዚት ይዤ እንጀራ ለሱቆች አደርሳለሁ፣ ስለዚህ ጭንቀትህ ይገባኛል። እዚህ ነጭ ቫን በሽ ነው፣ ማን ከማን ይለያል። እኔ በማግኔት የሚለጠፍ ሰሌዳ ነው የምጠቀመው። ማታ ሰፈር ስገባ አነሳዋለሁ። የምኖርበት ግቢ ማኅበር ጽሑፍ ያለበት የሥራ መኪና ማሳደር አይፈቅድም። ማግኔት የሚይዘው ብረት ላይ ነው፣ አልሙኒየምና ፕላስቲክ ላይ አይሠራም። በየጊዜው አንስተህ ሥሩን ካላጸዳህ እርጥበት ይዞ ቀለሙን ያበላሻል።

ዳዶ

ማግኔት አዲስ አበባ ውስጥ? ቀን አቁመህ ማኪያቶ ጠጥተህ ስትመለስ የሰው በር ላይ ታገኘዋለህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሃሃ እሱስ እውነት ነው። በል ስቲከሩ ይሻልሃል።

የቀለም ቤት ልጅ

የረሳነው ነገር አለ፣ የፊት መብራቱ። ፊቷ ላይ ያለው እሱ ነው። ቢጫ መብራት ያላት መኪና ሌላው ቢያምር ዓይኗ የታመመ ትመስላለች። የጥርስ ሳሙና የሚሉህን አትስማ፣ ለጥቂት ሳምንት ነው። ዙሪያውን በቴፕ ሸፍነህ በውሃ ወረቀት፣ መጀመሪያ 800፣ ከዚያ 1000፣ ከዚያ 2000፣ ሁሌ በውሃ። መጀመሪያ ከነበረው ይብስ ይጨልማል፣ እንዳትደነግጥ። ከዚያ ፖሊሽ። ዋናው ግን መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ክሊር መንፋት ነው። ፋብሪካ የሠራውን መከላከያ ፍቀህ ስለጨረስከው፣ ሳትነፋ ከተውከው እንደገና ቶሎ ቢጫ ይሆናል።

ቦሌ ሚካኤል

ስለ ወረቀቱም ተነጋገሩ እንጂ። ሊብሬው ላይ ቀለም ተጽፏል። ነጭ ነጭ ሆና መስመር ብቻ ካላት የሚያስቸግርህ የለም ብዬ አስባለሁ። ሙሉ ለሙሉ ሌላ ቀለም ካለበስካት ግን ስቲከርም ቢሆን ሄደህ ማሳወቅ አለብህ፣ አለዚያ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ጣጣ ነው። መኪና ላይ የንግድ ማስታወቂያ መለጠፍም ፈቃድና ክፍያ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከመታተሙ በፊት ክፍለ ከተማ ጎራ በል። ከታተመ በኋላ ብትጠይቅ ምን ዋጋ አለው።

ሽሮ ጫኙ

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። እንዲህ ወስኛለሁ። ብናኙን ማስነሳትና ፖሊሽ፣ የመብራቱ ሥራ፣ የፕላስቲኩ ማጥቆሪያ፣ የቸርኬ ቀለም። እነዚህ በዚህ ወር። የፊት ፓራውልት ነጭ የሚለውን ጋሽ ፓራውልት የፈቀዱት ስለሆነ አስቀባለሁ። ስቲከሩ ክፍለ ከተማ ከጠየቅኩ በኋላ። መኪናዋንም ከአጥሩ ወዲያኛው ጥግ አዛውሬያታለሁ፣ ካልሆነ ግራይንደሩ መልሶ ያበላሸዋል። ቸርኬው ጥቁር ግራጫ ይሁን ወይስ ብር መልክ? እሱ ላይ ብቻ ነው ያልቆረጥኩት።

ዳዶ

የጡብ ቀይ መስመር ካላት ጥቁር ግራጫ።

ፊደል ቀራጭ

ጥቁር ግራጫ። ክርክር የለውም።

ጋሽ ፓራውልት

ብር መልክ። ፕላስቲኩ ጥቁር፣ ቸርኬው ጥቁር፣ ጎማው ጥቁር ከሆነ ከታች ምኑ ሊለይ ነው?

ጎጃም በረንዳ

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍና፣ የኔ አባዱላ አይደለችም፣ ትንሿ ሱዙኪ ኤቨሪ ናት፣ እሷም ነጭ፣ እሷም የጭነት። ሞተሯ ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ ፊቷ ላይ ትልቅ ፍርግርግ የላትም፣ ባዶ ነጭ ነው። እዚያ ምን ይደረጋል?

ፊደል ቀራጭ

ፎቶ ላክ። ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ሰያፍ ተነስቶ፣ ታጥባ።